የምሳ ሳጥኑ መዝሙር

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የፉሚኤ ካሪያ ጆሮ ግን በዚያ የጥር ሐሙስ ባዳ ሊሆንላት አልፈለገም። ረፋዱ ላይ፣ ከምትሠራበት ሱፐርማርኬት የበሰለ ምግብ መደርደሪያ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ኩሽና ውስጥ ኮሮኬ የሚሉትን የድንች ጥብስ ሁለተኛ ዙር ከዘይት እያወጣች ነበር። ኩሽናውን ከመደርደሪያው የሚለየው ወፍራም የላስቲክ መጋረጃ ነው። ከውጭ የቆመ ሰው ውስጡን አያይም፤ ውስጥ ያለ ሰው ግን የውጭውን ሁሉ ይሰማል። ይህን የሚያውቁት ጠባሾቹ ብቻ ናቸው። ደንበኞቹ የድንች ጥብሱ ትኩስ መሆኑን እንጂ ማን እንደጠበሰው ጠይቀው አያውቁም።

«ተወሰነ እኮ፤ ያለ ፒያኖ ሆነ» አለች አንዷ። ፉሚኤ ድምፁን አወቀችው፤ የልጇ የክፍል ጓደኛ የሬይና እናት ናት።

«የምረቃው መዝሙር? ታዲያ ያቺ ፒያኖ የምትጫወተው ምን ልትሆን ነው?»

«ኮሮኬዋ? ከሌሎቹ ጋር ቆማ ትዘምራለቻ፤ ምን ትሆናለች።»

«ኮሮኬ ነው እንዴ ልጆቹ የሚሏት? የኔዋ ስትል ሰምቼ ምግብ መስሎኝ።»

«እኔ አላወጣሁላት። ፀጉሯ ዘይት ዘይት ይላል አሉ። ከፒያኖው ስትነሳ ቁልፎቹን በሶፍት ይጠርጓቸዋል አሉ። ልጆች አይደሉ፣ ምን ታደርጊያቸዋለሽ።»

«ቀስ በይ፤ እናቷ እዚህ አይደል እንዴ የምትሠራው?»

«ማታ ማታ መሰለኝ» አለች የሬይና እናት። ቀጥሎ የመቆንጠጫው ቀጭ ቀጭ ተሰማ። «እስቲ ስድስት አንሺልኝ ለምሳ። እውነቱን ለመናገር ኮሮኬያቸው ጥሩ ነው።»

ፉሚኤ ወንፊቱን አንጠልጥላ እንደቆመች ቀረች። ዘይቱ ውስጥ የቀሩት አምስቱ ተቃጠሉ። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። ልጇ ሚቺሩ ከመከር ወዲህ የተረፈ ኮሮኬ ይዛላት ስትገባ «ጠግቤያለሁ» የምትለው ጠግባ እንዳልነበረ ገባት። ጠዋት ጠዋት ደግማ ፀጉሯን ስትታጠብ «ውሃው ገደል የሚገባ መሰለሽ ወይ?» ብላ የተቆጣቻትም ትዝ አላት። ከሁሉ በላይ ግን ያለ ፒያኖ የሚለው ቃል ነበር የከበዳት።

ሚቺሩ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በመጋቢት ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትመረቃለች። በታኅሣሥ መጀመሪያ ተመራቂዎቹ ለወላጆቻቸው የሚዘምሩት መዝሙር ሲመረጥ፣ በፒያኖ የሚያጅብ ልጅ ለመለየት ፈተና ተደርጎ ከአራት ተፈታኞች እርሷ ነበረች ያለፈችው። ከወደቁት አንዷ ሬይና ናት፤ የሳሎናቸውን ግማሽ በያዘ ጥቁር ፒያኖ፣ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አስተማሪ ቤቷ ድረስ እየመጣላት የተማረችው ሬይና። ሚቺሩ የተማረችው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በስምንት ሺህ የን በተገዛ ኪቦርድ ነው። ከግራ ሦስተኛው ቁልፉ ሲጫኑት ተጣብቆ ይቀራል፤ በጥፍር ነው የሚነሳው።

እናትና ልጅ የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ፣ ከተማው በሚያከራየው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኪቦርዱ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከታቻቸው የሚኖሩት አዛውንት ዋኩይ «ስለ ድምፁ ነገር ቢያስቡበት» የሚል ወረቀት፣ ዓይን በሚያፈዝ የእጅ ጽሕፈት ጽፈው ፖስታ ሳጥናቸው ውስጥ ጨመሩ። ፉሚኤ አንድ ሳጥን መንደሪን ይዛ ወርዳ፣ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ሚቺሩ ያለ ጆሮ ማዳመጫ ተጫውታ አታውቅም። ቤቱም ራሱ ዝም ማለት ለመደ። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ጽሑፉ ይነበባል፤ ስልክ ሲደወል ብርድ ልብስ ውስጥ ተገብቶ ይወራል፤ ፉሚኤ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትይዛለች። አምስት ዓመት ሙሉ ከልጇ ሙዚቃ የሰማችው የቁልፎቹን ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው። አንድ ቀን «እስቲ እኔም ጆሮ ላይ አድርጊልኝ» ብትላት፣ ሚቺሩ «አይሆንም፤ በምረቃው በትልቁ ፒያኖ ትሰሚዋለሽ፤ ቃል ግቢልኝ» አለቻት። ፉሚኤ ቃል ገባች፤ የመዝሙሩን ግጥም ግን ፍሪጁ ላይ ለጥፋ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ እያነበበች በቃሏ ይዛዋለች።

«ተቃጠለ» አለች ቶኪኮ ከኋላዋ። ቶኪኮ ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላት፣ በዚያ ኩሽና ከሁሉም በፊት የነበረች ጠባሽ ናት። ወንፊቱን ከእጇ ወስዳ የከሰሉትን ወደ ቆሻሻው ደፋቻቸው። «እኔም ሰምቻለሁ፤ ጆሮ አለኝ።»

«ስምንት ሰዓት ስወጣ ትምህርት ቤቱ ልሄድ ነው።»

«ሄደሽ ምን ልትዪ? ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ሁለት ወር ነው የቀረው። እናት ትምህርት ቤት ሄዳ ስትጮህ ዕዳው ለልጅ ነው።»

«አልጮህም። ቀስ ብዬ ነው የምነግራቸው።»

«እሱ ነው የሚብሰው» አለች ቶኪኮ፤ ጥሬዎቹን ኮሮኬዎች ወደ ዘይቱ መጣል ጀመረች።

ፉሚኤ ቤቷ ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ፀጉሯን መታጠብ ነው። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ የሚቺሩን ሻምፖ ስትፈልግ ሦስት ዓይነት አገኘች፤ ሦስቱም ሎሚ ሎሚ የሚሉ፣ ሦስቱም ከኪስ ገንዘብ የተገዙ ትንንሽ ጠርሙሶች ናቸው። አንዱን ከፍታ ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ ጣቶቿን አሸተተች፤ ሦስተኛ ታጠበች። ከዚያ ለሠርግና ለለቅሶ የምትለብሰውን ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ፣ የብል መድኃኒት እንደሸተተ፣ ለብሳ ብስክሌቷ ላይ ወጣች። የወንዙ ነፋስ እርጥብ ፀጉሯን እያቀዘቀዘ ድልድዩን እስክትሻገር ጆሮዋ ደነዘዘ። በመንገድ ላይ የምትለውን ነገር አሰናዳች፤ አሳጠረች፤ ስድብ የሚመስለውን ሁሉ አወጣችለት። ትምህርት ቤቱ በር ስትደርስ የቀረው ልመና ብቻ ነበር።

የሙዚቃ አስተማሪው ኦጋታ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ገና የልጅ ነው፤ ልጆቹን ከልቡ ይወዳል። ክፉ ሰው ቢሆን ለፉሚኤ ይቀልላት ነበር። በእንግዳ ነጠላ ጫማ እየተንሸራተተች ሙዚቃ ክፍሉ ስትገባ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እጅ ነሳት። ፒያኖው ጥግ ላይ፣ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ፉሚኤ እንዳታየው እየጣረች አየችው።

«ስለ መዝሙሩ ሰምተው ነው የመጡት አይደል?» አለ። ዓይኑ ገና ከመጀመሪያው እርጥብ ነው። «ልነግርዎት ፈልጌ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ስላሳደጉ።»

ፉሚኤ ያሰናዳችውን እንድትናገር ኦጋታ ጊዜ አልሰጣትም። ባለፈው ዓመት ምረቃ ርእሰ መምህሩ ጠርተውት «ኦጋታ፣ ከፊት ሁለት ረድፍ በስተቀር መሀረብ ያወጣ ወላጅ አላየሁም» ማለታቸውን ነገራት። በጣም ነው የከፋው። ስለዚህ እስከ መከር ድረስ አርባ መዝሙር አዳመጠ፤ በማስታወሻ ደብተሩ የሚያስለቅሰውን ቦታ በቀይ እያሰመረ ወደ ሦስት አወረዳቸው። ሦስቱን ገጠር ላሉት እናቱ በስልክ አሰማቸው። ስለ ባቡር ጣቢያው የሚለው ላይ «ጥሩ ነው» አሉ፤ ስለ ወንዙ የሚለው ላይ ዝም አሉ፤ ስለ ምሳ ሳጥኑ የሚለው ሁለተኛ ስንኝ ላይ ግን፣ «ክዳኑን ስከፍተው እጅሽ ሸተተኝ» የሚለው ጋ ሲደርስ፣ ስልኩን ዘጉት። ያን ዕለት የምሳ ሳጥኑ አሸነፈ። እነዚህ ልጆች ምሳቸውን ትምህርት ቤት የሚበሉ፣ ሳጥን የሚይዙት በዓመት ለሽርሽርና ለስፖርት ቀን ብቻ መሆኑን ያነሳ ሰው አልነበረም። ማልቀስ ለሚፈልግ ወላጅ በዓመት ሁለት ቀንም ይበቃዋል።

«ያለፈው ሳምንት ግን» አለ ኦጋታ «ሚቺሩ እጇን አወጣች። ተነስታ ምን አለች መሰለዎት? ‹ብቻዬን ጎን ላይ ከመቀመጥ ከሁላችሁ ጋር ቆሜ መዘመር እፈልጋለሁ። ስለ ወንዙ የሚለው ፒያኖ አያስፈልገውም። በአንድ ድምፅ እንለያይ።› እኔ ተማሪዎቼ ፊት ነው ያለቀስኩት። ቦታዋን እኮ ነው የሰጠችው።»

«ሚቺሩ እንዲህ አለች?»

«ቃል በቃል። ከዚያ እንደ ደንባችን ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እጅ እንዲያወጡ አደረግሁ፤ አንዱ የሌላውን አይቶ እንዳይወስን። ስልሳ አንድ እጅ። እንዲህ ያለ ድምፅ አይቼ አላውቅም።»

«ልጆቹ ስንት ናቸው?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ያልወጣው እጅ የማን ነው?»

ኦጋታ ፈገግ አለ። «የእርሷው የሚቺሩ። ከስሜቷ ብዛት ይመስለኛል፤ እንደተደፋች ቀረች። ሌሎቹ ቀና ሲሉ እንኳ አልተነሳችም።»

ከታች ሜዳው ላይ የሩጫ ፊሽካ ይሰማል። ፉሚኤ ስለ ዘይቱም፣ ስለ ሶፍቱም፣ ስለ ስሙም ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን ያን ስም በገዛ አፏ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ መጥራት አቃታት። «መምህር፣ ሐሳቡን ያመጣ ሰው ለራሱ ሐሳብ እጁን አያወጣም?» ብቻ አለች። ኦጋታ ማስታወሻ ደብተሩን አገላበጠ። ያኔ ፉሚኤ ተነስታ ወገቧን አጥፋ፣ ፀጉሯ ፊቷን እስኪሸፍነው ድረስ ጎንበስ አለች፤ አልተነሳችም።

«ልጄ ትጫወት። ሌላ ምንም አልለምንዎትም። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም።»

ጎንብሳ የማትነሳ እናት ፊት ቆሞ እምቢ የሚል አስተማሪ በዚያ አገር የለም። ወሬው ርእሰ መምህሩ ጋ ከደረሰ፣ ወላጅ አቤቱታ ይዛ መጣች የሚባለው ነገር ጠረጴዛቸው ላይ ከወጣ፣ የኦጋታ መሀረብ ቆጠራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። «እባክዎ ይነሱ፤ ይነሱ» አለ። «እንመልሰዋለን። እንዲያውም ርእሰ መምህሩም የሚወዱት የምሳ ሳጥኑን ነው። አሁን ልምምድ አላቸው፤ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።» ፉሚኤ ሦስት ጊዜ አመሰገነችው።

ልጆቹ የተሰበሰቡት በስፖርት አዳራሹ ነው። ፉሚኤ ወደ ቤቷ መሄድ ሲገባት ከአዳራሹ ብረት በር ጀርባ ቆመች። በጠባቡ ክፍተት የተማሪዎቹ ጀርባ፣ ጥቁር በጥቁር፣ በረድፍ ይታያል። የሚቺሩን ማጅራት ከመጨረሻው ረድፍ ዳር ለየችው። በግራዋ ያለችው ልጅና በእርሷ መካከል አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ተትቷል፤ ሌላው ረድፍ ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ነው። ኦጋታ ውሳኔውን ተናገረ፤ ወደ ምሳ ሳጥኑ መመለሳቸውን፣ ሚቺሩ እንደ መጀመሪያው እንደምታጅብ። ከዚያ ከፊት ረድፍ አንዲት ቀጭን፣ ጠራ ያለች ድምፅ ተነሳች።

«እሺ፣ መምህር። እኛ ሚቺሩን ደስ እንዲላት ነው የምንፈልገው። እንደ ታኅሣሡ ልምምድ አድርገን እንዘምራለን። አይደለም እንዴ?»

«እሺ!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ድምፁ ከአዳራሹ ጣሪያ ተላትሞ ተመለሰ።

ሬይና ናት ያቺ፤ ፉሚኤ በስፖርት ቀን አይታት ታውቃለች። እንግዲህ ልጆች ናቸው፣ ክፋታቸውም የልጅ ነው፣ ብላ አሰበች። ስለ ሬይና ያሰበችው ነገር አሳፈራት። የሚቺሩ ማጅራት ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ፉሚኤ ይህን ደስታ ነው ብላ ተረጎመችው። የፈለገውን ማየት ለሚፈልግ ሰው ማጅራት ብዙ ይናገራል። በመንገዷ ጣቢያው አጠገብ ካለው ኬክ ቤት ጎራ ብላ፣ እንጆሪ ያለበት ሁለት ቁራጭ፣ አንዱ አራት መቶ ስልሳ የን የሆነውን፣ ሳታቅማማ ገዛች። ለልደት እንኳ የምትገዛው አንድ ነው፤ «እኔ ጣፋጭ አልወድም» እያለች።

ሚቺሩ የገባችው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ጫማዋን አውልቃ፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ አስተካክላ፣ ዝቅተኛው ጠረጴዛ ጋ መጥታ ተቀመጠች። ኬኩን አየችው። ፉሚኤ ሻይ ቀዳች፤ ልጇ እስክትጀምር ጠበቀች፤ ፍሪጁ ሲጮህ ሰማች፤ ሲያቆም ሰማች።

«ትምህርት ቤት መጥተሽ ነበር» አለች ሚቺሩ በመጨረሻ።

«ማን ነገረሽ? መምህሩ?»

«ፀጉርሽ። ሻምፖዬ ሸተተኝ።»

ፉሚኤ ልትስቅ ፈለገች። «ጥሩ ሰው ነው አስተማሪሽ። ወዲያው ነው እሺ ያለኝ። አሁን ትጫወቻለሽ። እኔም እሰማሻለሁ፤ ከፊት ነው የምቀመጠው።»

«እማ» አለች ሚቺሩ፤ ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነው። «በታኅሣሥ፣ ዕረፍት ልንወጣ የመጨረሻው ቀን፣ መምህሩ ለስልክ ተጠርቶ ወጣ። አንዴ ራሳችሁ ተለማመዱት ብሎን። እኔ መግቢያውን ተጫወትኩ። እነሱ የሚገቡበት ጋ ስደርስ ምንም አልተሰማም። መጀመሪያ ጆሮዬ የተደፈነ መሰለኝ። ቀና ስል ሁሉም አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። መምህሩ እንዳስተማረን አድርገው፣ ክብ አድርገው፣ አምረው። ዓይኑን የጨፈነም አለ፤ የሚወዛወዝም አለ። ድምፅ ግን የለም። ስልሳ አንዱም።»

«ሚቺሩ…»

«ማቆም አቃተኝ። እጄ ዝም ብሎ ይሄዳል። ‹እጅሽ ሸተተኝ› የሚለው ጋ ሁሉም አንድ ላይ አፍንጫቸውን ያዙ። እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት። ሲያልቅ እጅ ነሱኝ። መምህሩ ተመልሶ እንዴት ነበር ሲል ሬይና ‹በጣም ጥሩ ነበር፤ ሚቺሩን ይጠይቋት› አለች። ጠየቀኝ። ጥሩ ነበር አልኩት።»

ፉሚኤ የሻይ ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ መልሳ ለማስቀመጥ ጠረጴዛው የራቀ መሰላት።

«ከዚያ ሬይና መጥታ ‹አንቺ ከተጫወትሽ በምረቃው ዕለትም እንዲህ ነው፤ እናትሽ ፊት ለፊት ተቀምጣ እያየች› አለችኝ። ተይውና አንቺ ተጫወቺ አልኳት። ‹የወደቀች ተተክታ ተጫወተች ልባል ነው?› አለች። ያለ ፒያኖ የሚለውን እሷ ናት ያመጣችው። በአንድ ድምፅ እንለያይ የሚለውንም እሷ ናት ጽፋ የሰጠችኝ፤ አጥንቼው ነው የተናገርኩት። መምህሩ ሲያለቅስ ሁሉም ተደፍተው ይስቁ ነበር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እሱ የሚያለቅሱ መሰለው።»

«ነገ ሄጄ ይህን ሁሉ እነግረዋለሁ። ርእሰ መምህሩንም።»

«ነግረሽ? ነገ አሰልፎ ያዘምራቸዋል፤ ይዘምራሉ። እስከ መጋቢት ድረስ በየቀኑ አሳምረው ይዘምራሉ። ዝም የሚሉት የዚያን ዕለት ነው። የዚያን ዕለት ማን ምን ያደርጋቸዋል? ተመርቀው ሊሄዱ ነው።»

«ታመሻል ብለን… ታማለች ብዬ ልደውል። ትቀሪያለሽ።»

«ከምረቃዬ?»

ልጇ የቀረውን አንድ መሸሸጊያ አግኝታ ነበር፤ እናቷ ሙሉ ልብስ ለብሳ፣ ጎንበስ ብላ ለምና፣ መሸሸጊያውን አስነጠቀቻት። ይህን አወቀችው፤ ቀስ ብሎ ሳይሆን አንዴ ነው ያወቀችው። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች፤ ሌላ የምትለው ስላጣች።

«አንቺ እንዳታዪው ነዋ። ሌላ ለምን እተወዋለሁ?» አለች ሚቺሩ። «አንቺስ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ሰምተሽ ነግረሽኛል? ታጥበሽ ነው የሄድሽው።»

ኬኮቹ እንደተቀመጡ ቀሩ። እንጆሪው ላይ የተቀባው ስኳር ማላብ ጀመረ። ሚቺሩ ተነስታ ኪቦርዱን አበራችው፤ ወንበሩን ሳበች፤ ማዳመጫውን ግን ጆሮዋ ላይ አላደረገችውም። ወደ እናቷ ዘረጋችው።

«እንቺ። አሁን ስሚው።»

«ቃል ገብቼልሽ የለም ወይ?»

«ፈታሁሽ። እዚያ ከምትሰሚው እዚህ ስሚው።»

ፉሚኤ ማዳመጫውን ደፋችው። ውስጡ በልጇ ጆሮ የለሰለሰ ነው፤ ሎሚ ይሸታል። ከዚያ መግቢያው ጀመረ፤ ፒያኖው ብቻውን፣ ሰው የሌለበት ቤት በር ቀስ ብሎ እንደሚከፈት። አምስት ዓመት ሙሉ ጠቅ ጠቅ ሲል የሰማችው ነገር ይህ ኖሯል። ይህን የመሰለ ነገር በእርሷ ቤት፣ በሽንኩርቱና በልብስ ማድረቂያው መካከል፣ በየምሽቱ ይጫወት ኖሮ እርሷ አታውቅም ነበር። ደስታው እንደ ሕመም ያዛት። ግራ እጁ ሲወርድ፣ ቀኝ እጁ ሲመልስለት ለየችው፤ ሙዚቃ ባታውቅም ልጇ ሬይናን ለምን እንዳሸነፈቻት አወቀች። ከዚያ መግቢያው አለቀና ድምፅ የሚገባበት ቦታ መጣ። ፒያኖው ዝቅ ብሎ ቦታ ለቀቀ፤ ጠበቀ።

ያ ባዶ ቦታ አላስቻላትም። ሌላው ሁሉ ዝም ቢል እኔ አለሁ፤ ለዚህች ልጅ አንድ ሰው ሊዘምርላት ይገባል፤ ግጥሙን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ብላ ፉሚኤ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። ከልቧ ነው የዘመረችው። ነገር ግን የዘመረችው በዚያ ቤት አምስት ዓመት እንደኖረችው፣ ከታች አዛውንቱ እንዳሉ ሰውነቷ ሳይነገረው እያወቀ፣ በከንፈሯ ብቻ ነው። እርሷ ጆሮዋ በሙዚቃው ተሞልቶ ስለነበር ድምፅ ያወጣች መሰላት። ሰውነቷ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ከንፈሯ «ክዳኑን» አለ፤ «ስከፍተው» አለ፤ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ።

ሚቺሩ የምትሰማው የገዛ ቁልፎቿን ጠቅ ጠቅ ብቻ ነበር። እናቷ ምን እንደተሰማት ለማየት ቀና አለች። ጥቂት አየቻት። «እጅሽ ሸተተኝ» የሚለው ጋ ሳይደርስ እጆቿ ቁልፎቹ ላይ ቆሙ።

ፉሚኤ ዓይኗን ገለጠች። «ምነው? ለምን አቆምሽ?» አለች፤ ጆሮው የተሸፈነ ሰው እንደሚያደርገው በጣም ጮክ ብላ።

ከታች አዛውንቱ ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እንጨት ሁለት ጊዜ መቱ። ፉሚኤ ማዳመጫው ራሷ ላይ እንዳለ ተንበርክካ፣ ግንባሯ ምንጣፉን እስኪነካ ጎንበስ ብላ ለወለሉ ይቅርታ ጠየቀች። ሚቺሩ ከግራ ሦስተኛውን ቁልፍ በጥፍሯ አነሳችው፤ ከዚያ ኪቦርዱን አጠፋችው።